ጨፋ ላይ የሚነደው አረፋ የማን ነው? ከመሬት ሆድ የሚወጣን ሚቴን ስለ መለካት

ከኮምቦልቻ አንድ የፊዚክስ መምህር የላኩት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጨፋ ወርጄ ነበር። ረግረጉን በእንጨት ሲወጉት አረፋ ይወጣል። የአካባቢው ልጆች ክብሪት ሲያስጠጉለት ቦግ ብሎ ይጠፋል። ይህ ከከርሰ ምድር የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው ወይ? እኛስ በራሳችን መለካት እንችላለን? ደግሞ ሳነብ አንዱ ምድር ከሆዷ በዓመት 45 ሚሊዮን ቶን ሚቴን ታወጣለች ይላል። ሌላው 2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ይላል። የቱን ልመን?»

መምህር፣ ሦስት ጥያቄ ነው በአንድ የላኩልኝ። አብሽሩ፣ ሁሉም ጋ እንደርሳለን።

ከአረፋው ልጀምር። ልጆቹ ያሳዩዎት ጋዝ ሚቴን፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዝ ዋናው ክፍል፣ መሆኑን ብዙም አልጠራጠርም። ሚቴን ከአየር ጋር ከመቶ 5 እስከ 15 ሲደባለቅ ነው የሚነደው። ስለዚህ ትንሽ አረፋ ቦግ ብሎ ወዲያው ቢጠፋ አይገርምም። ግን ከከርሰ ምድር ነው ለማለት አልቸኩልም። ከጥያቄዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው «በእንጨት ሲወጉት» የሚለው ነው። ረግረግ ውስጥ ደንገልና ሳር ይበሰብሳል። ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ረቂቅ ተሕዋስያን ብስባሹን ወደ ሚቴን ይለውጡታል። ጋዙ ጭቃው ውስጥ ታምቆ ይቀመጥና ሲነካ ይወጣል። ከጥልቅ የሚመጣ ጋዝ እንጨት አይጠብቅም። በጋ ከክረምት፣ ቀን ከሌሊት፣ እዚያው ቦታ ላይ ሲንተከተክ ይገኛል። እንግዲህ እንጨቱን ትተው ዝም ብለው ቢቆሙስ? አረፋው ካልመጣ የረግረግ ጋዝ የመሆኑ ነገር በጣም ሰፊ ነው።

ይህን ስል ጥያቄው የዋዛ ነው ማለቴ አይደለም። የወሎ መሬት ከሥሩ ብዙ ነገር አለው። ደሴም ኮምቦልቻም የተቀመጡበት ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ ነው። ከእሱ በታች ደግሞ በባሕር ዘመን የተነጠፈ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ አለ። ወረኢሉ አካባቢ ድፍድፍ ዘይት ከአለት መሃል ሰርጎ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ መኖሩ በጂኦሎጂስቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ወደ ሰሜን ውጫሌ ላይ በቅላጭ ንጣፎቹ መካከል ለጋ የድንጋይ ከሰል ተገኝቷል። ዘይትም ከሰልም ሚቴን ይወልዳሉ። በዚህ ላይ ጨፋ ያለበት የቦርከና ሸለቆ ራሱ ግራና ቀኙ በስንጥቅ የተቆረጠና መሃሉ የሰመጠ መሬት ነው። ስንጥቁ ደግሞ አሁንም አልተኛም። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው በዚሁ መስመር ነው። ስንጥቅ ለጋዝ መንገድ ይሆናል። ምንጭም መንገድም ካለ ጥቂት ጋዝ ሾልኮ ወደ ላይ መድረሱ የማይታሰብ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ጋዝ ሾለከ ማለት ጋዝ ተገኘ ማለት አይደለም። በአገራችን ክምችቱ በቁፋሮ የተረጋገጠው ኦጋዴን ውስጥ ካሉብና ሂላላ ላይ ነው። አንድ አረፋ አይቶ «ነዳጅ ወጣ» ብሎ ሰፈር ማመስ የከተማችን የቆየ አመል ስለሆነ ነው የማነሳው።

ወደ መለካቱ እንሂድ። የሚፈስሰውን መጠን መለካት ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። መሬት ላይ የሚሠራበት ዋናው ዘዴ ሳጥን መድፋት ነው። ታቹ ክፍት የሆነ ሳጥን ወይም ባልዲ መሬት ላይ ይደፋል። ጠርዙ ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያው ይደፈናል። ውስጡ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለች ትንሽ ፋን አየሩን ታማስላለች። ከዚያ አየሩ በቀጭን ቱቦ ወደ መለኪያው ይሄድና ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ሚቴኑ በደቂቃ ስንት እንደጨመረ ይመዘገባል። ጭማሪውን በሳጥኑ ይዘት አባዝተው ሳጥኑ ለሸፈነው መሬት ስፋት ያካፍሉታል፣ አለቀ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ሳጥን ከሆነማ በከፍታው ማባዛት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ደቂቃዎች ይመኑ። ሳጥኑ ውስጥ ጋዙ እየተጠራቀመ ሲሄድ ከታች የሚመጣውን መልሶ ስለሚገፋው መስመሩ እየጎበጠ ይመጣል።

ምሳሌ ልስጥ። 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን ኮምቦልቻ ላይ ደፉ እንበል። ሚቴኑ በየደቂቃው 0.1 ፒፒኤም ጨመረ። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 15 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ፒፒኤም የሚነግረን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ስንቱ ሚቴን እንደሆነ እንጂ ክብደቱን አይደለም። ወደ ሚሊ ግራም ለመለወጥ የቦታውን የአየር ግፊት ማወቅ ግድ ነው። መጻሕፍቱ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠረፍ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ አየሯ ሳሳ ያለ ነው። የጠረፉን ቁጥር እንዳለ ከወሰዱ 15ቱ ወደ 19 ይሄዳል፣ በሩብ ያህል ተጋኖ። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ቢለኩ ደግሞ ስህተቱ ሲሶ ይደርሳል። ከተማሪዎችዎ ጋር ሁለቱም ቦታ ሄዳችሁ ግፊቱን ብታነጻጽሩ እሱ ራሱ ጥሩ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

መለኪያው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አየር ውስጥ ያለው ሚቴን 1.9 ፒፒኤም ገደማ ነው። በዚያ ላይ የ0.1 ጭማሪን የሚያይ መሣሪያ በሌዘር የሚሠራ ነው፣ ዋጋው የመኪና ነው። ተማሪዎች አርዱዊኖ በምትባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚሰኳት ርካሽ ኤምኪው-4 የምትባል ሴንሰር አለች። እሷ በመቶዎች ፒፒኤም ካልሆነ አትነቃም፣ በእርጥበትና በአልኮል ትንፋሽም ትታለላለች። ረግረግ ላይ የሚወጣን አረፋ «አለ፣ የለም» ለማለት ትጠቅማለች። የአፈር ስርገት፣ ማለትም ከአፈር በስሱ የሚወጣውን ጋዝ፣ ለመለካት ግን አይሆንም። «በኤምኪው-4 ለካን» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እርጥበቱን እንዴት እንዳስተካከሉት ነው።

ለአረፋ ደግሞ ሌላ፣ በጣም ርካሽ መላ አለ። ትልቅ ሃይላንድ ቂጡን ይቆረጥና ውሃው ውስጥ ተደፍቶ ሙሉ በሙሉ በውሃ ይሞላል። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ከታች የሚወጣው አረፋ ወደ አንገቱ ይሰበሰብና ውሃውን ወደ ታች ይገፋዋል። በስንት ሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደተሰበሰበ ጎኑ ላይ በተሰመረ ምልክት ይነበባል። ከዚያ በስሪንጅ ይወሰድና ከውስጡ ስንት እጅ ሚቴን እንደሆነ ይመረመራል። ይህን ለማድረግ የትኛውም ትምህርት ቤት አቅም አያንሰውም።

የሳጥኑ ቦታ ምርጫ ግን ሙሉ ጥበብ ነው። ደረቅ አፈር በተፈጥሮው ሚቴን አያወጣም፣ እንዲያውም ይበላል። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ እየወሰዱ በዓለም ደረጃ በዓመት 30 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ያቃጥላሉ። ስለዚህ ጤነኛ ደረቅ መሬት ላይ ሳጥን ሲደፉ ቁጥሩ በጥቂቱ መውረድ አለበት። በደረቅ አፈር ላይ ከወጣ ያ ነው የሚያጓጓው። ግን ቀና ብለው ዙሪያዎን ይዩ። አጠገቡ ኩይሳ አለ? ምስጥ ሚቴን ታወጣለች። የከብት በረት፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የድሮ ቆሻሻ መጣያ አለ? ሁሉም ያሳስታሉ። መረሬ አፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ጋዙም ከስንጥቁ ይወጣል እንጂ ከገላው አይወጣም። ሳጥንዎን ስንጥቁ ላይ ቢደፉና ክንድ ያህል ራቅ አድርገው ቢደፉ ሁለት የማይገናኝ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። በክረምት አፈሩ በውሃ ሲሞላ ይደፈናል፣ ላዩም እንደ ረግረግ ራሱ ሚቴን መሥራት ይጀምራል። ለእኛ አገር የሚሻለው ከታኅሣሥ እስከ ጥር ነው። ደግሞ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይሁን። የሸለቆውን የአለት ስንጥቅ (የአፈሩን አይደለም) በአግድም የሚቆርጥ መስመር አስምረው በመስመሩ ላይ እየተራመዱ ይለኩ። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲያልፉት ከወረደ ወሬ አለው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ፦ ጋዙ የማን ነው? ስንት ወጣ የሚለውን ባልዲ ይመልሰዋል። ከየት ወጣ የሚለው ግን ላቦራቶሪ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚታየው አብሮት የመጣው ጋዝ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን ሚቴን ሲሠሩ ኢቴንና ፕሮፔን የሚባሉትን ዘመዶቹን ከቁጥር የማይገባ ያህል ነው የሚሠሩት። ጥልቅ ቦታ በሙቀት የበሰለ ጋዝ ግን ይዟቸው ይወጣል። ሚቴኑ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ከ1,000 በላይ ከሆነ የተሕዋስያን ነው፣ ከ50 በታች ከሆነ የሙቀት ነው ይባላል። መሃሉ ያጨቃጭቃል።

ሁለተኛው ካርቦን 13 ነው፣ ከባዱ የካርቦን ዓይነት። ተሕዋስያን ቀላሉን ይመርጣሉ። ስለዚህ የረግረግ ሚቴን በዓለም አቀፉ መለኪያ ከዜሮ በታች 60 በሺህ አካባቢ ይወርዳል። በሙቀት የተሠራው ከዜሮ በታች ከ50 እስከ 30 ባለው ውስጥ ይገኛል። ምንም ሕያው ነገር ሳይገባበት ከአለትና ከውሃ የሚሠራ ሚቴንም አለ። ቱርክ ውስጥ ያናርታሽ በሚባል ተራራ ላይ ከአለት ስንጥቅ የሚነደው ጥንታዊ እሳት በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው፣ እሱ ደግሞ ከዜሮ በታች ካለው 20 አልፎ ወደ ዜሮ በመጠጋት ከባድ ሊሆን ይችላል። ካርቦን 13 ብቻውን ግን ይዋሻል። የረግረግ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ቀላሉን እየለቀሙ ይበሉበታል፣ የተረፈው ይከብዳል። ያኔ የጭቃው ልጅ የጥልቁን ልብስ ለብሶ ይመጣል። ኢቴን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ካርቦን 14 ነው። ግማሹ በ5,730 ዓመት ስለሚጠፋ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ የተቀበረ ካርቦን ምንም አይቀረውም። የጨፋ ደንገል አምና የበቀለ ነው፣ ጋዙ ካርቦን 14 ሞልቶታል። የጥልቁ ጋዝ ባዶ ነው። እንደ ውጫሌ ባለ ከሰል ላይ ተሕዋስያን ቢሠሩስ? ካርቦን 13 ረግረግ ይመስላል፣ ካርቦን 14 ግን አይኖርም። ሦስቱን አብሮ ያላየ ሰው ይህን ጋዝ ረግረግ ብሎ ያልፈዋል። ናሙናው በመስታወት ጠርሙስ፣ በወፍራም የጎማ ክዳን፣ ጥቂት በጨው የጠገበ ውሃ ተጨምሮበት፣ ተዘቅዝቆ ይቀመጥ። ጨዉ ተሕዋስያኑን ያስቆማቸዋል፣ ውሃው ደግሞ ክዳኑን ይጠብቀዋል።

ፍል ውሃን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። በቦርከና ሸለቆ ያሉ ፍል ውሃዎች ላይ የሚንተከተከውን ጋዝ አይተው ሚቴን ነው ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ። በስምጥ ሸለቆና በጠርዙ ያሉ ፍል ውሃዎች የሚያወጡት በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሚቴኑ በጣት የሚቆጠር ነው። ሙያተኞች እዚያ የሚያደርጉት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደንብ ለክተው ሁለቱ ጋዞች ባላቸው ጥምርታ ማባዛት ነው። ይህን የማነሳው ግን በዋናነት ለጥንቃቄ ነው። ሚቴን ከአየር ይቀላል፣ ወደ ላይ ይበተናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ ሐይቅ በአንድ ሌሊት 1,700 ያህል ሰው የፈጀው በዚሁ ጋዝ ነው። ንፋስ በሌለበት ጧት ምንጭ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ማሽተት ክልክል ይሁን። ክብሪቱንም ከተማሪዎቹ ይቀበሉ።

ወደ 45 ሚሊዮኑና «2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም» ወደተባለው 1.6 ሚሊዮን እንምጣ። ሁለቱ ቁጥሮች የተገኙት በተቃራኒ መንገድ ነው። 45 ሚሊዮን ቶን የሚለው ከታች ወደ ላይ የተሠራ ሂሳብ ነው። በየአገሩ በሳጥን የተለኩ ስርገቶች፣ የጭቃ እሳተ ገሞራዎች፣ ከባሕር ወለል የሚወጡ አረፋዎችና የፍል ውሃ ጋዞች ተሰብስበው ያልተለካው ቦታ በግምት ተሞልቶ የተደመረ ነው። ራሳቸው ሠሪዎቹ ከ27 እስከ 63 ሊሆን ይችላል ይላሉ። ከድምሩ ግማሽ ያህሉ ዓይን የማያየው፣ ነዳጅ ባለበት መሬት ሁሉ ላይ በስሱ ይሰርጋል ተብሎ የታሰበው ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የምጠራጠረው። ሳጥን የሚደፋው ሰው የሚሄደው ጋዝ አለ ወደተባለበት ቦታ ነው። ባዶውን ሜዳ ማን ይለካል? ከአንድ ማሳ አንድ ቁና ጤፍ ሰፍሮ የወሎን ምርት እንደ መናገር ነው። በዚያ ላይ ስርገት እኩል አይከፋፈልም። ከመቶ ቦታ ሁለት ሦስቱ የቀረውን ሁሉ ድምር ይበልጡታል። እነዚያ ሁለት ሦስቱ ናሙናው ውስጥ ከገቡ አማካዩ ሰማይ ይወጣል፣ ካልገቡ ይወርዳል።

ሁለተኛው መንገድ ከላይ ወደ ታች ነው፣ በጣም ያምራል። ሰው ከሰልና ጋዝ በገፍ ማውጣት ሳይጀምር በፊት አየር ውስጥ የነበረ ካርቦን 14 የሌለው ሚቴን በሙሉ የምድር ሆድ ነው የሚል ሐሳብ ነው። የዚያ ዘመን አየር ደግሞ በረዶ ውስጥ በትንንሽ አረፋ ታስሮ ተቀምጧል። ለአንድ ናሙና አንድ ቶን ያህል በረዶ ተቆፍሮ ይቀልጣል። ከግሪንላንድ በረዶ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ያገኘው በዓመት 1.6 ሚሊዮን ቶን ነው፣ ቢበዛ 5.4። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በአንታርክቲካ በረዶ ላይ የተሠራው፣ የዛሬ 11 እና 12 ሺህ ዓመት አካባቢን ያየው ደግሞ ከ15.4 አይበልጥም ብሎ ነበር። የዛሬውን አየር ለምን አይለኩም ቢሉ፣ የኑክሌር ጣቢያዎች ራሳቸው ካርቦን 14 ያለው ሚቴን ስለሚለቁ ሂሳቡን ያደፈርሱታል። በረዶውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የኅዋ ጨረር በረዶው ውስጥ ካርቦን 14 ይሠራል፣ እሱ መቀነስ አለበት። ተከራካሪዎቹ የሚይዙትም ይህንን ቅነሳ ነው።

የቱን ልመን ላሉት፣ እኔ ወደ በረዶው አደላለሁ። የሳጥን ለኪዎቹ ሥራ ደካማ ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱ ሳጥን ልክ ሊሆን ይችላል፣ የሚንገዳገደው ማባዛቱ ነው። ክርክሩ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስልዎ። ምድር በራሷ የምታወጣው ትንሽ ከሆነ አየር ላይ ያለው ያረጀ ካርቦን ሚቴን ከሰው ጉድጓድ፣ ከማዕድንና ከቧንቧ ነው የመጣው ማለት ነው። የግሪንላንዱ ጥናት አዘጋጆች የሰው ድርሻ ከ25 እስከ 40 በመቶ አሳንሶ ሲቆጠር ነበር ያሉት ለዚህ ነው። ተፈጥሮ ላይ የሚላከክ ነገር ቀነሰ፣ ሊዘጋ የሚችል ቀዳዳ በዛ።

ሳተላይትስ? ይላሉ። ሴንቲኔል 5ፒ የሚባለው አንዱን ሥዕል የሚያነሳው 5.5 በ7 ኪሎ ሜትር በሆነ ነጠብጣብ ነው። ኮምቦልቻ ከነኢንዱስትሪ ፓርኩ በጥቂት ነጠብጣብ ያልቃል። የሚፈነዳ የጋዝ ቧንቧ ያያል፣ የመረሬ ስንጥቅ ግን አያይም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በጥር ሁለት ሃይላንድ ይዤ እወርዳለሁ። አንዱን ልጆቹ ባሳዩዎት ቦታ፣ ሌላውን ማንም ሳይነካው በራሱ በሚንተከተክ ውሃ ላይ፣ ካገኙ፣ ለአንድ ሙሉ ቀን ደፍቼ እተዋለሁ። በእንጨት መውጋት የለም። ሰዓቱን፣ የውሃውን ሙቀትና ግፊቱን በየሰዓቱ ተማሪዎቹ ይመዝግቡ። ሁለተኛው ከሞላና የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ጋዙን በጠርሙስ ያስቀምጡና ይጻፉልኝ። ኢቴን ፍለጋውን ያኔ እንጀምራለን።